የግድግዳው ቴሌቪዥንና ገመዱ

በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቀው ሽምብጥ፣ እህቴ ቴሌቪዥኗን ግድግዳ ላይ ካሰቀለች ወዲህ ሳሎኗ ሰፋ። ገመዶቹ ግን እንደ ሐረግ ተንጠለጠሉ። አንድ የሰፈር ልጅ «ግድግዳውን ፈልፍለን እንቅበረው» አለ። እኔ አልተስማማሁም።

ውድ አንባቢያን፣ ቤቱ የጭቃ ነው። ምርጉ ጭድ አለበት፤ ከምርጉ ሥር ደግሞ ደረቅ የባሕር ዛፍ እንጨት። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው፤ የተቀበረው ገመድ ሽፋኑ ተልጦ ቢግል ማን ያየዋል? ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚመጣው ተጣጣፊ ገመድማ በብሎኬት ቤትም ቢሆን ግድግዳ ውስጥ ሊቀበር የተሠራ አይደለም። ምንጣፍ ሥር ማሳለፍም አይበጅም፤ በቀን አምስት ጊዜ እየተሰገደበት፣ ልጆች እየረገጡት ሽፋኑ ያልቃል።

የመረጥነው በኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር የሚሸጠውን ባለ ክዳን የፕላስቲክ መሸፈኛ ነው። ባለሙያው መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቶ ግድግዳው ላይ ገጠመው፤ የመብራቱን ገመድ ለብቻ፣ የዲሹን ለብቻ አደረገ። እህቴ የግድግዳውን ቀለም ቀባችው፤ ከሩቅ አይለይም።

ሁለት ዓመት የሆነው ልጇ ቀድሞ ገመዱን ይጎትት ነበር። አሁን ደግሞ ክዳኑን በጥፍሩ ሊከፍት ይታገላል። ስለዚህ እጁ የሚደርስበትን ያህል በብሎን አጠበቅነው።