ገዳሪፍ፣ ባሕር የሌላት የወደብ ከተማ

የኢትዮጵያዋን መተማ ዮሐንስና የሱዳኗን ጋላባት የሚለያቸው በበጋ የሚደርቅ ወንዝና አንድ አጭር ድልድይ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1889 እ.ኤ.አ. የወደቁበት ምድር ስለሆነ ድልድዩን ስሻገር ልቤ ከበደኝ። ጊዜው የሱዳን ጦርነት ከመፈንዳቱ በፊት የነበረው በጋ ነው። ከማዶ ግን ከታሪኩ ይልቅ ዓይኔን የያዘው የመኪናው ሰልፍ ነበር። ባቄላ፣ ሽንኩርትና ቡና የጫኑ ተሳቢዎች ሞተራቸውን አጥፍተው ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ ከመኪናው ሥር ባለችው ጥላ ምንጣፍ አንጥፈው ጋደም ብለዋል። ምን እንደሚጠብቁ ብጠይቅ ሁሉም አንድ መልስ ሰጡኝ። ወረቀት።

ከዚያ እስከ ሱዳኗ ከተማ ገዳሪፍ ያለው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሜዳ ነው። እኔ የጎንደር ሰው ነኝ፤ ዓይኔ ተራራ ካላየ ይጨነቃል። እዚህ ግን ጥቁሩ ዋልካ አፈር ሰማዩ እስኪነካው ድረስ ተዘርግቶ፣ የታጨደው የማሽላና የሰሊጥ ገለባ ከአድማስ እስከ አድማስ ቢጫ ሆኖ፣ መሀሉን ደግሞ ከእኛ አገር ለሱዳን መብራት የሚያደርሰው የከፍተኛ ኃይል መስመር በትልልቅ ምሰሶዎቹ ላይ እየዘለቀ ሲሄድ ሳይ ደስ አለኝ፣ ኮራሁም። መብራታችን ያን ጊዜ ያለ ሰልፍ ድንበሩን ያልፍ ነበር።

ገዳሪፍ ገና ሳይደርሱ ትሸታለች። የተጨመቀ ሰሊጥ፣ የሞቀ ዘይት፣ አቧራ፣ ከሰል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሶቪየቶች እርዳታ የተሠራው ግዙፍ የእህል ጎተራ ከሩቅ እንደ ግንብ ይታያል። የእህል ገበያው ውስጥ ሰሊጡ በክምር ይፈሳል፤ አጫራቹ ከክምር ወደ ክምር እየዞረ ዋጋ ይጮኻል፣ ገዥዎቹ እፍኝ እፍኝ እያነሡ ያሸታሉ፣ በጥርሳቸው ይሰብሩታል። እኛ ዘንድ በ2008 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የምርት ገበያ የጎንደርንና የሁመራን ሰሊጥ በደረጃ ለይቶ በስክሪን ያሻሽጣል። የገዳሪፉን ጩኸት ወድጄዋለሁ፤ ገበሬው ዋጋው ሲወጣ በጆሮው ይሰማልና።

ከገበያው ዳር ቡና የምታፈላ የአገሬ ልጅ አገኘሁ። ዝንጅብል የበዛበት ቡናዋ ጉሮሮ ያሞቃል። ለቡናው 300 የሱዳን ፓውንድ፣ አጠገቧ ለበላሁት ፉል 800 ከፈልኩ። በባንክ ምንዛሬ ስመታው ቡናው ብቻ ከ25 ብር በላይ ሆነብኝ፤ ያኔ መተማ በዚህ ገንዘብ ሁለት ስኒ ይጠጣ ነበር። “ወንድሜ፣” አለችኝ፣ “እዚህ ሰው ሲነሣ የሚጠይቀው ስለ ዝናብ አይደለም። መርከብ ገባ ወይ ነው የሚለው።”

ባሕሩ ከዚያ በመኪና መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ግን እውነቷን ነው። በሱዳን ዋና ወደብ በፖርት ሱዳን ላይ መርከብ ሲዘገይ ገዳሪፍ ላይ የሰሊጥ ዋጋ ይወርዳል፤ ጋላባት ላይ ደግሞ ማዳበሪያ የሚጠብቅ ገበሬ ቀን ይቆጥራል። ለአማራ ክልል የሚሆን ማዳበሪያ በዚህ ወደብ ገብቶ በመተማ የተሻገረባቸው ዓመታት ነበሩና ነገሩ የሱዳኖች ብቻ አይደለም።

በከሰላ በኩል ወደ ሰሜን፣ ወደ ፖርት ሱዳን ተጓዝኩ። ከድንጋያማዎቹ የቀይ ባሕር ኮረብታዎች ስንወርድ ባሕሩ ድንገት ተገለጠ። እጄን በአፌ ጫንኩ። ይህን የሚያህል ውኃ አጠገባችን እያለ እኛ ወደብ የለንም! እንባ ተናነቀኝ፤ አልደብቅም።

ፖርት ሱዳን ራሷ የአንድ ዘመናዊነት ልጅ ናት። ከእርሷ በስተደቡብ ያለችው ጥንታዊቷ ሱዋኪን በኮራል ድንጋይ የተሠራች ውብ ከተማ ነበረች፤ መግቢያዋ ግን ለትልልቅ የእንፋሎት መርከቦች ጠበበ። እንግሊዞች አዲሱን ወደብ ሠርተው በ1909 እ.ኤ.አ. አስመረቁ። ሱዋኪን ፈረሰች።

አሁን የሚጠበው ውኃው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ከኮንቴነር መነሐሪያው ደጃፍ አንድ ትራንዚተር የሰሊጥ ጭነት ዶሴውን አሳየኝ፤ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ የስሪት አገር ማስረጃ፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት፣ የሚዛን ካርኒ። አንዱ ማኅተም ከጎደለ ክሬኑ ሥራ ቢፈታም ኮንቴነሩ አይነሣም። ሲንጋፖር የፈቃድና የጉምሩክ ወረቀቱን በ1989 እ.ኤ.አ. በአንድ የኮምፒውተር መስኮት አጠቃለለችው። ሮተርዳም ላይ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሾፌር የሌላቸው ተሽከርካሪዎች ኮንቴነር ያመላልሳሉ። ዋናው ምሥጢር ግን ሮቦቱ አይደለም። የመርከቡ ማኒፌስት (የጭነቱ ዝርዝር) መርከቡ ሳይደርስ ይደርሳል፣ ጉምሩኩ የሚፈተሸውንና የሚያልፈውን አስቀድሞ ይለያል፣ በበሩ ላይ ያለው ካሜራ የኮንቴነሩን ቁጥር አንብቦ መኪናውን የሚጫንበት ቦታ ይልከዋል። እኛም በ2020 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት ከፍተናል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ሌላ ነው። ሱዳንን ከዓለም የሚያገናኘው የባሕር ውስጥ ገመድ የሚወጣው በዚያው በፖርት ሱዳን ዳርቻ ነው። ለእኛ ኢንተርኔት ከሚመጣባቸው መስመሮችም አንዱ በሱዳን በኩል አድርጎ በመተማ ይገባል። በዚህ መስመር መጥቶ ጎንደር ላይ የምንከፍተው መልእክት ይህን ሁሉ ምድር ዓይን እስኪርገበገብ ያቋርጣል፤ ዶሴው ግን በሾፌሩ ብብት ተይዞ ቀናት ይፈጅበታል። ገመዱ አለ። የጠፋው የሁለቱ አገሮች ጉምሩኮች አንድ ሰነድ የሚያነቡበት ስምምነት ነው።

ማሽኑ ሥራችንን ይወስዳል የሚለውን የወደቡን ሠራተኞች ሥጋትም ሰማሁ፤ ልክ ናቸው እላለሁ። ኮንቴነር ሲመጣ ከረጢት በጀርባቸው ያወርዱ የነበሩ የምሥራቅ ሱዳኑ የቤጃ ሕዝብ ልጆች የሆኑ ጫኝና አውራጆች እንጀራቸውን አጥተዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የኮንቴነር መነሐሪያውን ለአንድ የፊሊፒንስ ኩባንያ ለ20 ዓመት ለማስረከብ የተፈረመው ውል ሠራተኛው አምፆበት በዚያው ዓመት ፈረሰ። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቤጃ ተቃዋሚዎች ወደቡን ለሳምንታት ዘጉት። ሰውን ያላስተማረና ያላሳተፈ ማሽን ባሕር ዳር ቆሞ ይዝጋል።

ከተመለስኩ በኋላ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ፈነዳ። ያ የጋላባት ድልድይ ሕይወታቸውን ይዘው የሚሸሹ ሰዎች መሻገሪያ ሆነ፤ ፖርት ሱዳን የመንግሥት መቀመጫ ሆነች፣ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. በድሮን ተደበደበች። ያቺ ቡና አፍይዋ የት እንደደረሰች አስባለሁ።

መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል። በመተማ የምትነግዱ፣ በጉምሩክ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ያን ቀን ስትደራደሩ ከመጋዘኑና ከአስፋልቱ በፊት ይህን አንድ ነገር ጠይቁ፦ መኪናው ከገዳሪፍ ሳይነሣ ሰነዱ መተማ ይድረስ፣ መርከቡ ፖርት ሱዳን ሳይገባም ማኒፌስቱ በሁለቱም አገር ይነበብ።