የካሜራዬ የትውልድ ሐረግ

ካሜራዬን አንግቤ ከቡታጅራ ወደ ዘቢዳር ተራራ ስወጣ የሚያገኙኝ ሰዎች ይህን ጥበብ ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደ ቀሰምሁ አዘውትረው ይጠይቁኛል፤ ከከብት ጥበቃ ነው ብዬ ስመልስላቸው የቀለድሁባቸው መስሏቸው ቅር ይላቸዋል። መሣሪያውስ ከጃፓን መጣ፤ ዐይኑ ግን የጀፎረ ተወላጅ ነው።

ጀፎረ በጉራጌ መንደር ግራና ቀኝ በተሰለፉት ጎጆዎች መካከል የተዘረጋ፣ መንገድም ግጦሽም የሸንጎ ሥፍራም የሆነ ሰፊ የሣር አደባባይ ሲሆን፣ ከየቤቱ ጓሮ የቆመው እንሰት ደግሞ የማለዳውን ፀሐይ በቅጠሉ አሳልፎ አረንጓዴ ብርሃን ያደርገዋል። እረኛ ልጅ ከብቶቹ የሰው እንሰት እንዳይደፍሩ ሲጠብቅ ከመዋል በቀር ሌላ ግዳጅ የለውምና፣ ጥላ በየትኛው ሰዓት ወዴት እንደሚዞር፣ ወፍም ከመብረሯ አስቀድማ አንገቷን እንዴት እንደምታሰግግ ሳይወድ በግዱ ይመረምራል። ዛሬ ከወልቂጤ ወዲያ በጊቤ ሸለቆ አንዲት ወፍ ስጠብቅ የሚያጸናኝ ትዕግሥት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከአለንጋ ፍርሃት የተወለደ ነው።

ርቀትን ያስተማረኝ ግን ሐረ ሸይጣን ነው። ከከርሠ ምድር የወጣ የቀለጠ ዐለት ከውኃ ጋር ተገናኝቶ በመፈንዳቱ በተቆፈረው በዚያ ክብ ጉድጓድ ውስጥ የተኛው ሐይቅ፣ ከአፋፉ ሲያዩት ቅርብ ይመስላል፤ የወረወርነው ድንጋይ ግን ገደሉ ላይ ይቀር ነበር፤ እኛም የክንዳችንን ድካም በስሙ በተጠራው ርኩስ መንፈስ ላይ እናላክክ ነበር። ረጅም ሌንስ የሩቁን ተራራ ከቅርቡ ዛፍ ጋር ሲያጣብቀው ባየሁ ጊዜ፣ ዐይን ርቀትን በመመተር ረገድ ምን ያህል ሐሰተኛ ምስክር እንደ ሆነ ለመረዳት አዲስ መምህር አላስፈለገኝም።

ካሜራን መጀመሪያ ያየሁት ግን በመስቀል ነው፤ በየከተማው የተበተነው የጉራጌ ልጅ ሁሉ ወደ አገሩ በሚገባበት በዚያ ሰሞን፣ ከመርካቶ የመጡት አጎቴ ቤተ ዘመዱን በደጃፉ ደርድረው አነሡ፤ ፎቶግራፉ ታጥቦ ሲመጣ ሰው ሁሉ እንደ ምሰሶ ደርቆ፣ ከኋላው ያለው እንሰት ብቻ ሕያው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሰውን ተውሁት።

እናቴ ይህን ምርጫዬን እስከ ዛሬ አልተቀበለችውም። የዘቢዳርን ሥዕል አስፍቼ በክፈፍ አስገብቼ ባመጣሁላት ጊዜ፣ ተራራውንም ደመናውንም አልፋ ከግርጌው ጥግ ላይ ጣቷን አሳረፈችና፣ «ይቺ ላም የማን ናት? እረኛዋስ ወዴት ሄዶ ነው?» አለችኝ።