ዳኛ የማያዝበት ውርስ

ስለ ሥልጣንና ስለ ሕግ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ዛሬ ስለ ገንዘብ ማስቀመጫ ማንሳቴ ከመስመር የወጣ ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ ግን ያው ነው፤ በንብረት ላይ የመጨረሻው ቃል የማን ነው?

በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ትርፍ ቤታቸው የተወረሰባቸው ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነን። መንግሥት የማይወርሰው፣ ባንክ የማያግደው ሀብት አለ ሲባል ጆሯችን ቢቆም አይፈረድብንም። እኔም ውጭ አገር ባስተማርኩባቸው ዓመታት ጥቂት ቢትኮይን አጠራቅሜአለሁ። ገንዘቡን ለአገበያይ ድርጅት በአደራ መስጠት የሚያስከትለውን በካናዳው ኩዋድሪጋ አይተናል፤ መሥራቹ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ሕንድ ውስጥ ሲሞት የይለፍ ቃሎቹ አብረውት ተቀበሩ ተባለ፤ በ2020 ግን የኦንታሪዮ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነገሩ ማጭበርበር እንደነበር አረጋገጠ። ስለዚህ ሃርድዌር ዋሌት ግድ ሆነ። ከፈረንሳዩ ሌጀርና ከቼኩ ትሬዞር ሁለተኛውን የመረጥኩት የሚሠራበት ኮድ ለማንም መርማሪ ክፍት ስለሆነ ነው።

ይሁንና ሀብቱ ያለው መሣሪያው ውስጥ አይደለም። መሣሪያው ቢሰበር ከ2048 ቃላት ዝርዝር የሚወጡት 12 ወይም 24 የእንግሊዝኛ ቃላት ገንዘቡን በሌላ መሣሪያ ይመልሱታል። እንግዲህ የሚወረሰው ቃል ነው ማለት ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በመሠረቱ በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዛል። ቃላቱን እዚያ ላይ ብጽፋቸው አራት ሰዎች ከወራሾቼ ቀድመው ባለቤት ሊሆኑ ይችላሉ። ብደብቃቸው ደግሞ ሚስቴና ልጆቼ የወራሽነት ማስረጃ ይዘው ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ፍርድ ቤት የተቆለፈ ቤት ያስከፍታል፣ ባንክን ያዛል፤ የሂሳብ ቀመርን ግን ማዘዝ አይችልም። የማይወረስ ያልነው ሀብት ለልጅም የማይወረስ ሆኖ ሊቀር ነው።

መፍትሔ ያገኘሁት አዲ ሻሚር እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው ምስጢር የማካፈል ስልት ነው። ትሬዞር በአንዳንድ ሞዴሎቹ ከ2019 ጀምሮ ይሠራበታል። ምስጢሩ በሦስት ክፍል ይከፈላል፤ ማናቸውም ሁለቱ ሲገናኙ ገንዘቡ ይከፈታል፤ አንዱ ብቻውን ምንም አይገልጥም። አንዱ ክፍል ከባለቤቴ፣ አንዱ ከታናሽ ወንድሜ፣ ሦስተኛው ከጠበቃዬ ዘንድ ነው። ኑዛዜዬ የሚናገረው ቃላቱን ሳይሆን ማን ዘንድ እንዳሉ ብቻ ነው።

ከተቋማት ለመሸሽ የተፈጠረው ገንዘብ ዞሮ ዞሮ ትዳርን፣ ወንድምነትንና የጠበቃን መሐላ አስደገፈኝ። እናንተስ፣ ነገ ብትጠሩ የእናንተን ቃላት የሚያውቅ ማን ነው? ዛሬ ማታ ከቤተሰባችሁ ጋር ተነጋገሩበት።