አዳኝ ዓሣን በቤት ስለ ማኖር

ሰው ኃይለኛ አውሬን በአጠገቡ አድርጎ ማየት ይወዳል። አንበሳን በብረት ፍርግርግ ውስጥ፥ ንስርን በሰንሰለት አስሮ የሚያኖረው ለጥቅም ብቻ አይደለም፤ ከጉልበቱ የሚበልጠውን ጉልበት በእጁ የያዘ ሆኖ እንዲሰማው ነው። በዘመናችን ይኸው ምኞት ወደ ሳሎን ገብቶ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ይዋኛል። ስለዚህ ነገር ጥቂት ማሰብ የሚገባን ይመስለናል።

ከአማዞንና ከኦሪኖኮ ወንዞች የሚመጣውን ጅራተ ቀይ አምባዛ ለምሳሌ እንውሰድ። በሱቅ ሲሸጥ ከጣት እምብዛም አይበልጥም። ጎኑ ነጭ፥ ጅራቱ እንደ ፍም የቀላ ስለ ሆነ ያየው ሁሉ ይወደዋል። ነገር ግን ይህ ትንሽ ፍጥረት ሲያድግ ከ1 ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ በአፉ የሚገባለትን ዓሣ ሁሉ ይውጣል፤ ዕድሜውም ከ10 ዓመት ያልፋል።

በዋሽንግተን አካባቢ በሚኖር በአንድ ወዳጃችን ቤት ይህን ዓሣ አይተናል። ገንዳው 2 ሜትር ርዝመት፥ 1 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ቁመት ነበረው። ሲሞላ 2000 ሊትር ውሃ ይይዛል፤ የውሃው ክብደት ብቻ 2000 ኪሎ ነው። ወለሉን ለማጠንከር የወጣው ገንዘብ ከዓሣው ዋጋ ብዙ እጥፍ መሆኑን ወዳጃችን እየሳቀ ነገረን። ዓሣው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ ጅራቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ማወዛወዝ ብቻ ይበቃው ነበር፤ አፉ መስተዋቱን ሲነካ ይመለሳል፤ ደግሞም ይመለሳል። ይህን ስንመለከት አድናቆታችን ቀስ በቀስ ወደ ኀዘን ተለወጠ።

የውሃው አጠባበቅ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ከዓሣው የሚወጣው ቆሻሻ አሞኒያ የተባለውን መርዝ ያመጣል። በማጣሪያው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱን ግን ባለቤቱ ውሃውን በየጊዜው በከፊል እየቀየረ ማስወገድ አለበት። ወንዝ ሌት ተቀን ሳይታክት የሚሠራውን ሥራ፥ እርሱ በባልዲና በቧንቧ ሊሠራው ተዋውሏል ማለት ነው።

ዓሣው ገንዳውን ሲሞላውና የሚረከበው ሰው ሲጠፋ፥ ከሁሉ የከፋው ሐሳብ ይመጣል፤ ይኸውም «ወደ ውሃ ልልቀቀው» የሚለው ነው። ነገሩ ርኅራኄ ይመስላል። ዳሩ ግን በሜሪላንድ ክፍለ ሀገር ክሮፍተን በተባለች ከተማ፥ አንድ ሰው በቤቱ ያኖራቸውን «እባብ ራስ» የሚባሉ ሁለት የእስያ ዓሦች በኩሬ ለቀቀ። እነርሱም ተዋለዱ። መንግሥት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ኩሬውን በመርዝ ሲያጸዳ ከ1000 የሚበልጡ ጫጩቶች ተገኙ። ለአንዱ ዓሣ የታዘነለት ርኅራኄ ለኩሬው ነዋሪዎች ሁሉ ሞት ሆነ።

በአገራችን ውሃዎች የሚኖረው ናይል ፐርችም ይህንኑ ያስተምረናል። በጫሞ ሐይቅና በባሮ ወንዝ ከጎረቤቶቹ ጋር ተመዛዝኖ ኖሯል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት በሰው እጅ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከገባ በኋላ ግን፥ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተደምሮ፥ ወደ 200 የሚጠጉ የትንንሽ ዓሣ ዓይነቶች እንዲጠፉ ማድረጉን ሊቃውንት ይገምታሉ። ጥፋቱ ከዓሣው አይደለም፤ ተፈጥሮው በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው። ስፍራውን የለወጠው ሰው ነው።

እንግዲህ ዓሣን በቤት ማኖር ነውር ነው አንልም። ሕፃናት ከገንዳ ፊት ተቀምጠው ትዕግሥትንና የፍጥረትን ሥርዓት ሊማሩ ይችላሉ፤ ለዚህም ትንንሾቹ ዓሦች ይበቃሉ። ትልቁን አዳኝ የሚመኝ ሰው ግን ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ምን ያህል ያድጋል? ስንት ዓመት ይኖራል? እኔ ብታመም ወይም አገር ብለቅ ማን ይረከበዋል? ለሦስቱም መልስ ያላገኘ ሰው ያንን ዓሣ በወንዙ ቢተወው፥ ከሁሉ የሚበልጠውን ፍቅር አሳየው እንላለን።