ከመናኸሪያ እስከ ጋንዳባ፦ ሥራ ያልተሰጣቸው ቁልፎች

ከሶዶ መናኸሪያ ወጥቶ የዳሞታን ተራራ እያየ ወደ መሐል ከተማ የሚራመድ ሰው፣ ከተማዋ በሁለት ዓይነት ጽሕፈት እንደምትኖር ከሱቆቹ ሰሌዳ ይረዳል። የወላይታ ዞን የሥራ ቋንቋ ወላይታቶ በላቲን ፊደል ይጻፋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫውን እዚሁ ያደረገው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ደግሞ በአማርኛ ይሠራል። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የተቀመጠች ጸሐፊ ጠዋት በአንዱ፣ ከሰዓት በሌላው ትተይባለች፤ አንዳንዴም ሁለቱ አንድ ደብዳቤ ላይ ይገናኛሉ።

ወላይታቶ ልዩ ቁልፍ አይፈልግም። በላቲን የራሳቸው ሆሄ የሌላቸው ድምፆቹ ሁለት ሆሄ በማጣመር ይጻፋሉና ተራው ኪቦርድ ይበቃዋል። አማርኛ ግን ከ200 በላይ ሆሄያቱን በጥቂት ቁልፎች ጥምረት ስለሚያወጣ የራሱ መጻፊያ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ድካሙ ያለው መቀያየሩ ላይ ነው። ሊኑክስ ላይ፣ ኡቡንቱን በመሰለ ስርጭት፣ ቋንቋ የሚቀየረው የሱፐር ቁልፍን (የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን) ከስፔስ ጋር በመጫን ነው። ይህን ቀኑን ሙሉ የሚደጋግም እጅ ይዝላል።

መፍትሔው ላፕቶፕ ጥገና ቤቶቹ ውስጥ ተደርድሯል። ከአውሮፓ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገለጥ፣ የግራው ሺፍት አጥሮ ከጎኑ የማነስና የመብለጥ ምልክት ያለበት አንድ ትርፍ ቁልፍ ይታያል። የአሜሪካው ኪቦርድ ይህ የለውም። የጃፓኖቹ ላፕቶፖች ደግሞ በስፔስ ግራና ቀኝ እኛ የማንገለገልባቸው ቁልፎች አሏቸው። ገዢው እነዚህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ዋጋ ያስቀንሳል። እኔ ለሁለት ቋንቋ ጸሐፊ የምመርጠው ይህንኑ ኪቦርድ ነው።

ከመግዛት በፊት ግን ቁልፉን መፈተሽ ይገባል። ኢቪቴስት የተባለውን ፕሮግራም ከፍቶ ቁልፉን መጫን ነው፤ የሺፍቱ ጎረቤት 86 የሚል ቁጥር ያሳያል። ሲጫኑት 1፣ ተጭኖ ሲቆይ 2፣ ሲለቁት 0 መምጣት አለበት። ዋናው 0ው ነው። እንደ ሺፍትና ኮንትሮል ያለ ቁልፍ የሚሠራው እስኪለቀቅ ድረስ ስለሆነ፣ መለቀቁን የማይናገር ቁልፍ ያንን ሥራ አይችልም። አንዳንድ የላፕቶፕ ልዩ ቁልፎች መጫናቸውን ብቻ ነው የሚናገሩት፤ ኤፍኤን ደግሞ ብዙ ጊዜ በላፕቶፑ በራሱ ውስጥ ቀርቶ ሊኑክስ ዘንድ አይደርስም።

ፈተናውን ያለፈ ቁልፍ ኪይዲ በተባለ ፕሮግራም ሁለት ሥራ ይሰጠዋል፦ ነካ ሲደረግ ሱፐርና ስፔስን ልኮ ቋንቋ ይቀይራል፤ ተጭኖ ሲያዝ ኮንትሮል ይሆናል። የቅንብሩ ፋይል አራት መስመር ብቻ ነው፤ በፍላሽ ከማሽን ወደ ማሽን ይገለበጣል። ኪይዲ ከስክሪኑ ሥርዓት በታች ስለሚሠራ፣ የድሮው ኤክስ ሥርዓት የማያያቸውን ከፍተኛ ቁጥር ያላቸውን ቁልፎችም ያገኛል።

መንገዱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ወደ ጋንዳባ ሲያመራ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላፕቶፕ ተሸክመው ይገናኛሉ። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ዛሬ አማርኛ ልዩ ፎንት ሳይገዛ በማንኛውም ሊኑክስ ይጻፋል። የቀረው ተማሪዎቹ ከጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ጋር መተዋወቃቸው ነው። ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም እጇን ያሠለጠነች ጸሐፊ የለመደችውን የቁልፍ አመታት ሳታጣ ወደ ሊኑክስ እንድትሻገር፣ ከኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ሁለቱ አንድ ከሰዓት አጠገቧ ቢቀመጡ ይበቃል። ቅንብሩ ተሳስቶ ኪቦርዱ አልታዘዝ ቢል እንኳ ባክስፔስን፣ ኢስኬፕንና ኢንተርን አንድ ላይ ስትጫን ኪይዲ ይቆማል፤ ቁልፎቹም ወደ ቀድሞ ሥራቸው ይመለሳሉ።