አርባ ቀን ሙሉ «ማን ይሁን?»

ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን መልቀቅ መፈለጋቸውን ለሕዝብ የተናገሩት የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ገዢው ግንባር ኢሕአዴግ ምትካቸውን የመረጠው ደግሞ መጋቢት 18 ቀን ማታ ነው። በመካከሉ ልክ አርባ ቀን አለ። ለሟች ተዝካር ለማውጣት የሚበቃ ጊዜ ነው፤ ለአንድ ሀገር የሥልጣን ልጓም ለማበጀት ግን ሳንጠቀምበት አለፈ።

በእነዚያ አርባ ቀናት በእኛ በወሎ ከመካነ ሰላም እስከ አጅባር፣ ከቱሉ አውሊያ እስከ አምባ ማርያም ሌላ ወሬ አልነበረም። ከአቦል እስከ በረካ፣ ሚኒባስ እስኪሞላ በሚጠበቅበት መናኸሪያ፣ ከጁምዓ ሰላት መልስ፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ ስም ይነሣል፣ ስም ይወድቃል። «ለማ ነው የሚሻለው።» «ለማ እኮ የኦሮሚያ ጨፌ አባል እንጂ የተወካዮች ምክር ቤት አባል አይደለም፤ ሕጉ አይፈቅድለትም።» «እንግዲያው ዐቢይን ያምጡት።» «ደመቀስ ምን ጎደለው? ምክትል ሆኖ ስንት ዓመት ተቀምጦ የለ?» «አይ፣ ሽፈራውን ነው የሚያስቀምጡብን።» ማታ ማታ የአሜሪካ ድምፅና የጀርመን ድምፅ ይከፈታል፤ ዲሽ ያለው ቤት ኢሳት ይታያል። የካቲት 15 የኦሮሚያው የግንባሩ አባል ድርጅት ኦሕዴድ አቶ ለማ መገርሳን ምክትል አድርጎ ዶ/ር ዐቢይ አሕመድን ወደ ሊቀ መንበርነት ሲያወጣ፣ ይህን የቤት ውስጥ ሽግሽግ ከብዙ የሕግ ምሁር ባልተናነሰ የተነተነው የቡና ታዳሚ ነው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 73 ያልጠቀሰ አልነበረም፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ከምክር ቤቱ አባላት መካከል መመረጥ እንዳለበት ሁሉም ዐወቀ።

አንቀጽ 73ን ያነበበ ዓይን ግን አንድ ገጽ ወደ ኋላ ተመልሶ አንቀጽ 72ን አላየም። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሥራ ዘመን የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ነው ይላል። ምክር ቤቱ በየአምስት ዓመቱ እየታደሰ በሄደ ቁጥር ሰውየውም አብሮ ሊታደስ ይችላል፤ ስንት ጊዜ ድረስ የሚል ወሰን የለውም። ከዚያ ከፍ ብሎ አንቀጽ 70 አለ፤ ርእሰ ብሔሩን፣ ያ ሪባን የሚቆርጠውንና የአምባሳደሮችን ሹመት ደብዳቤ የሚቀበለውን ሰው፣ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ይከለክላል። ሥልጣን ለሌለው ገደብ ተሠራለት፣ ሥልጣን ላለው ተረሳ። በአርባ ቀን ክርክር ውስጥ ይህ ጉዳይ የአንድ ማታ መወያያ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት?

የበለጠ የሚያንገበግበው ግን የመራጩ ጉዳይ ነው። ኢሕአዴግ በሚሊዮን የሚቆጠር አባል አለኝ የሚል ድርጅት ነበር። በእኛም አገር መምህሩ አባል ነው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አባል ናት፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው አባል ነው፣ የቀበሌ ሊቀ መንበሩማ ሳይባል የታወቀ ነው። አንድ ለአምስት ተደራጅቷል፣ ወርሃዊ መዋጮ ከፍሏል፣ ስብሰባ ውሎ ግምገማ አምሽቷል። «መተካካት» የሚለውን የድርጅት ቃል እስኪሰለቸው ሰምቷል። መተካካቱ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ይህ ሁሉ አባል እንደ ማንኛችንም ሬዲዮ ሥር ተቀምጦ ዜና ጠበቀ። መራጮቹ 180 ነበሩ፤ ከግንባሩ አራት አባል ድርጅቶች 45፣ 45 ሰው። በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የምክር ቤቱን 547 ወንበር በሙሉ ስለ ያዙ፣ የእነዚህ 180 ሰዎች ምርጫ በቀጥታ የሀገር ምርጫ ሆነ። መዋጮ የከፈለው የመካነ ሰላም መምህር እጩ መጠቆም አልቻለም፣ እጩ መጠየቅ አልቻለም፣ ወኪሌ ለማን ድምፅ ሰጠ ብሎ ማወቅም አልቻለም። ከሁሉ የሚገርመው፣ ለምን ብሎም አልጠየቀም። ግምገማ ላይ ባልደረባውን አፈር ድሜ ሲያስግጥ ያመሸ አባል፣ ስለ ራሱ ድምፅ ሲሆን አፉን ያዘ።

«ጊዜው አልነበረም፣ አስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ ማን ደፍሮ ይናገራል?» የሚሉ አሉ። ዐዋጁ የካቲት 9 መታወጁ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ድርጅት እንደዚያ ሰሞን ተንቀጥቅጦ አያውቅም። በታኅሣሥ ወር ሥራ አስፈጻሚው ከሁለት ሳምንት በላይ በር ዘግቶ ሲጨቃጨቅ ከርሟል። ከዚያ በፊት በጥቅምት የኦሮሚያ ወጣቶች እንቦጭ ለመንቀል ጣና ድረስ መጥተዋል፤ አቶ ለማ ባሕር ዳር ላይ ኢትዮጵያዊነት ሱስ ነው ብለው ሕዝቡን አስለቅሰዋል፤ የአማራው ብአዴንና የኦሮሚያው ኦሕዴድ አንድ ላይ መቆም ጀምረዋል። የካቲት 23 ደግሞ ዐዋጁ ለምክር ቤቱ ሲቀርብ 88 አባላት እጃቸውን አውጥተው ተቃወሙ። መቶ በመቶ በአንድ ግንባር በተያዘ ምክር ቤት! ቆጠራው ራሱ አወዛጋቢ ሆኖ፣ መጀመሪያ 346 የተባለው የድጋፍ ድምፅ ኋላ 395 ነው ተባለ። ይህ ስንጥቅ ነው። በር ሲሰነጠቅ ትከሻ የሚያስጠጋ ሕዝብ ይገባል። እኛ በስንጥቁ አጮልቀን ማን እንደሚወጣ አየን።

ተቃዋሚ ፓርቲዎችን፣ ምሁራንን፣ ጋዜጠኞችን ነጥዬ ነጻ አላወጣም፤ ድርሻቸው ከቡና ታዳሚው ይከብዳል። አብዛኞቹ ጉዳዩን «የድርጅቱ የውስጥ ጉዳይ» አድርገው ተቀበሉት። የሀገር መሪ የሚወጣበት ምርጫ እንዴት የውስጥ ጉዳይ ይሆናል? እጩዎቹ ይታወቁልን፣ ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ ቀርበው ይናገሩ፣ ድምፅ አሰጣጡ ይገለጽ፣ ቢያንስ አባላቱ ይጠየቁ የሚል አንድ የጋራ ደብዳቤ፣ አንድ የጋራ መግለጫ ለመጻፍ አርባ ቀን አይበቃም ነበር?

በአጋጣሚ ሆኖ በዚያው ሳምንት ሌላ አፍሪካዊ መሪም ወርዷል። የደቡብ አፍሪካው ጄኮብ ዙማ የለቀቁት የካቲት 7 ነው፤ ከአቶ ኃይለማርያም በአንድ ቀን ቀድመው። ደቡብ አፍሪካውያን ግን ተተኪውን ያወቁት ከሁለት ወር በፊት ነበር። የገዢው ፓርቲ የኤኤንሲ ጉባኤ ጆሃንስበርግ ላይ ሲሪል ራማፎሳን በ2,440 ድምፅ ሲመርጥ፣ ተፎካካሪያቸው ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ 2,261 አግኝተዋል። እጩዎቹ ለወራት በአደባባይ ተከራክረዋል፤ በየሰፈሩ ያሉት ቅርንጫፎች የሚፈልጉትን ጠቁመዋል። ያ ጉባኤም ንጹሕ አልነበረም፤ ድምፅ በገንዘብ ይገዛል የሚለው ሐሜት አልጠፋም። ይሁንና ከሶዌቶ የመጣ ተራ ተወካይ መራጭ ነበር። ይህን ዜና እየሰማን፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱን ሀገሮች ጎን ለጎን እያየን፣ «እኛስ?» አላልንም።

መጋቢት 18 ውጤቱ መጣ። አቶ ደመቀ መኮንን ራሳቸውን ከእጩነት አገለሉ፤ ከተሰጠው 169 ድምፅ ዶ/ር ዐቢይ 108፣ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ዶ/ር ደብረጽዮን ገብረሚካኤል 2 አገኙ። ደስታችንን አላንቋሽሽም። እስረኛ ተፈትቶ፣ ስደተኛ ተመልሶ፣ ከአሥመራ ጋር ስልክ ተደውሎ ያየ ሰው ደስ ቢለው አይፈረድበትም። መጋቢት 24 ቃለ መሐላው ሲፈጸም በየቤቱ ያለቀሰ ሽማግሌ ብዙ ነው። ሚያዝያ ላይ ደግሞ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሐዋሳ ላይ ቆመው የሥልጣን ዘመን በሕገ መንግሥቱ ሊገደብ እንደሚገባ ተናገሩ። አጨበጨብን። ጭብጨባው መቼ፣ በስንተኛው ወር፣ በየትኛው ጉባኤ የሚል ጥያቄ አልተከተለውም።

እዚያው ሐዋሳ፣ መስከረም 2011 ላይ፣ ኢሕአዴግ ጉባኤውን አደረገ። በመጋቢት 108 ለ59 ለ2 የተከፋፈለው ምክር ቤት በስድስት ወሩ ለሊቀ መንበሩ 176 ከ177 ሰጠ። ያን ቀን መደንገጥ ነበረብን። የሚፎካከር ሰው በስድስት ወር ውስጥ ከአንድ ድርጅት እንዴት ይጠፋል? ኅዳር 2012 ላይ ግንባሩ ፈርሶ ብልጽግና ሆነ። የኦሕዴድን ሊቀ መንበርነት በፈቃዳቸው ያስረከቡት አቶ ለማ ውህደቱን በይፋ ተቃወሙ፤ ነሐሴ 2012 ላይ ከራሳቸው ፓርቲ አመራርነት ታገዱ። ጣና ዳር በለማ ስም የጨፈረ ሁሉ ያን ዜና ሲሰማ ድምፁን አላሰማም።

ወደ ክልላችን ስመጣ ቁጭቱ ይብሳል። ከመጋቢት 2010 እስከ ነሐሴ 2015 የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድር ወንበር ላይ ስድስት ሰው አየን፦ ገዱ አንዳርጋቸው፣ ዶ/ር አምባቸው መኮንን፣ ተመስገን ጥሩነህ፣ አገኘሁ ተሻገር፣ ዶ/ር ይልቃል ከፋለ፣ አረጋ ከበደ። ዶ/ር አምባቸው ሰኔ 15 ቀን 2011 ቢሯቸው ውስጥ በጥይት ተመትተው ሞቱ፤ ሌሎቹ በድርጅት ውሳኔ መጡ፤ የሄዱትም በድርጅት ውሳኔ ሄዱ። ቦረና፣ ሳይንት፣ ተንታ፣ መቅደላ የሚኖር ገበሬ ስድስቱንም የሰማቸው በዜና ነው። አንዱም መጥቶ «ምረጡኝ» አላለውም፣ አንዱም ሲሄድ «ለምን ሄድኩ» ብሎ አልነገረውም። በ2010 የፌዴራሉን ወንበር አመራረጥ ሳንነካው ስላለፍን፣ ያው ልማድ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ወረደ።

ይህ ደግሞ በሌላ አገር ቢሆን ያስችላል። ተተኪው ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ደም እንደሚያስከፍል ከመቅደላ ሰው በላይ ማን ያውቃል? ምኒልክ የንጉሥ ልጅ በመሆኑ ተግዞ የኖረው እዚህ አምባ ላይ ነው፤ በ1857 አምልጦ ሲወርድ ወረሂመኖ ላይ ወይዘሮ ወርቂት ተቀበለችው፤ ቴዎድሮስ በቁጣ እጁ ላይ የነበረውን ልጇን ገደለ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ እዚሁ ሲወድቅ የታወቀ የመተኪያ ሥርዓት አልነበረምና ተክለ ጊዮርጊስና ካሳ ምርጫ አድዋ ላይ በጦር ተለያዩ። በ1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲሻር አባቱ ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ሠራዊት አስከትለው ሰገሌ ወረዱ፤ ጥቅምት 17 ቀን የዋለው ሬሳ የእኛ አያቶች ሬሳ ነው። ኢያሱም መሸሸጊያ አድርጎ የያዘው ይህንኑ አምባ ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላ በ2010 አንድ መሪ ሳይሞት፣ ሳይሸሽ፣ ሳይታሰር በፈቃዱ ወረደ፤ የመተካካቱን ጥያቄ ያለ ጥይት፣ በሕግ ለዘለቄታው ማሰር የሚቻልበት ጊዜ መጣ። ሰገሌ የዘመተው ትውልድ ምርጫ አልነበረውም። እኛ ግን ነበረን።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። የሹመኛ ቁጭት ነው፤ የእኛ የተገላቢጦሽ ነው። ሲሾሙ አልጠየቅንም፣ አሁን መጠየቅ ባማረን ጊዜ ጠያቂው በሌላ ስም ይጠራል። ጥቅምት 2014 ደሴ በጦርነት ተያዘች። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ደግሞ በክልሉ ሌላ አስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ዛሬ ከመካነ ሰላም ደሴ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» ብሎ ነው። ይህ ሁሉ የመጣው በአንድ ስብሰባ አመራረጥ ብቻ ነው አልልም፤ ጦርነት ብዙ አባት አለው። መሪውን የሚጠይቅ፣ ከፈለገም የሚያወርድ ሕያው ድርጅት ቢኖር ግን ከጦርነቱ በፊት አንድ ሰው ተነሥቶ «ቆይ እስቲ!» የሚልበት ቦታ ይኖር ነበር። 176 ለ1 በሆነ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ የሚል አይገኝም።

ብልጽግና በመጋቢት 2014 የመጀመሪያ ጉባኤውን አድርጎ ፕሬዚዳንቱን መረጠ። ያኔ በመካነ ሰላም ቡና ላይ «ማን ይሁን?» ብሎ የተከራከረ አልነበረም፤ የሚያከራክር ነገር አልነበረምና።

በሐዋሳው ንግግር የተነሣው የሥልጣን ገደብ ሕግ አልሆነም። አንቀጽ 70 ለርእሰ ብሔሩ ሁለት ጊዜ ይላል፤ አንቀጽ 72 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስንት ጊዜ ድረስ ሊመረጥ እንደሚችል ምንም አይልም። ከየካቲት 2010 ወዲህ በሁለቱም ላይ አንድ ቃል አልተጨመረም፣ አንድ ቃል አልተቀነሰም።