እጄ ያልደረሰበት ቦታ

ስቶክሆልም በገባሁ በአራተኛው ዓመት ሰውነቴ ያሳክከኝ ጀመር። መጀመሪያ መዳፌንና ውስጥ እግሬን ነበር፤ ቀን ቀን ጋብ ይልልኛል፣ ማታ አልጋዬ ላይ ስወጣ ግን መላ አካላቴን ያዳርሳል። ቆዳዬ ላይ የሚታይ አንዳች ነገር አልነበረም። የሚታየው የመጣው ከወራት በኋላ ነው፤ ክንዴና ቅልጥሜ ቆሰለ፣ የቆሰለው ጠቆረ፣ የጠቆረውም ወፍሮ እንደ ዛፍ ልጥ ሻከረ።

ከዚያ ወዲያ ያየኝ ሁሉ የቆዳ በሽተኛ አደረገኝ። ሐኪሙ ብርዱ ቆዳዬን እንዳደረቀው ነግሮኝ ቅባትና የአለርጂ ክኒን አዘዘልኝ። እናቴ በስልክ ጸበል መከረችኝ። እኔ በልቤ የፈራሁት እከክን ነበር፤ በአገራችን እከክ የሕመም ስም ብቻ ሳይሆን ስድብም ነውና። ስለዚህ ሰው መጨበጥ ተውሁ። የስድስት ዓመት ልጄንም ከአልጋዬ አስወጣኋት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኋትም።

በሦስተኛው ዓመት ያገኘኋት ሌላ ሐኪም ቁስሌን ብዙም አልተመለከተችም። ልብሴን አስወልቃ ጀርባዬን አየች። በሁለቱ ትከሻዎቼ መካከል፣ እጄ በማይደርስበት ቦታ፣ ቆዳዬ ንጹሕ ነበር። ሐኪሞች የዚህን ያልተነካ ቦታ ቅርጽ በቢራቢሮ ይመስሉታል። በሽታው ከቆዳው የተነሣ ቢሆን ኖሮ ያን ቦታ ብቻ መርጦ ለምን ይምረዋል? ቁስሉን የሠራው ጥፍሬ ነበር። (ቤቴ ውስጥ «እከክልኝ ልከክልህ» የምባባለው ሰው ቢኖረኝ ኖሮ፣ ይህም ምስክር በጠፋ ነበር።)

ማሳከክ አብዛኛውን ጊዜ ከቆዳ ሕመም እንደሚመጣ እውነት ነው፤ ችፌም እከክም ያሳክካሉ። ከ6 ሳምንት በላይ ሲቆይ ግን ሥሩ ኩላሊት፣ ጉበት፣ የታይሮይድ ዕጢ ወይም ነርቭ ሊሆን ይችላል። ነገሩን የሚያወሳስበው ማከክ ራሱ ቆዳን ማሳመሙ ነው፤ የታመመው ቆዳም መልሶ ያሳክካል። አዙሪቱ አንድ ጊዜ ከተጀመረ የትኛው እንደቀደመ ቁስሉን በማየት ብቻ መለየት ያስቸግራል። እኔንም ያየኝ ሐኪም ፍጻሜውን አይቶ መነሻ አደረገው። አልፈርድበትም፤ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ደሜ ሲመረመር በጉበቴ ውስጥ ሐሞት የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች በራሴ በሽታ መከላከያ እየተጠቁ መሆናቸው ታወቀ። የአለርጂ ክኒኑ ያልረዳኝም ለዚህ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ማሳከክ የሚያስነሣው ሂስታሚን አይደለምና። አሁን ኮሌስቲራሚን የሚባል ዱቄት በውኃ በጥብጬ እጠጣለሁ፤ አንጀት ውስጥ የሐሞትን አሲድ ይዞ ከሰገራ ጋር ያስወጣዋል። ማሳከኩ ቀነሰ እንጂ አልተወኝም፤ ቢሆንም ሌሊቱን እተኛለሁ።

ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል። ሕመሜ እንደማይተላለፍ ባወቅሁበት ማታ ወደ አልጋዬ እንድትመጣ ጠራኋት። «አሁንማ ትልቅ ሆኛለሁ፣ እማዬ» አለችኝ።